ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ የዶሮ ማረጃ ሠራተኛን ከመፈተን በፊት ቧንቧው ይፈተሽ

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የዶሮ ማረጃ ሠራተኞች ሥልጠና ሲያበቃ «እጅ መቼ ይታጠባል?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ የማይመልስ የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ከቧንቧው ሥር ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ግን የሚጠይቅ ያለ አይመስልም። እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ መታሸት አለበት። ውሃው አጥንት ሲቆረጥም ሰው ሳሙናው ሳይዳረስ እጁን ይሰበስባል፤ የዶሮ ስብም በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል እንጂ አይለቅም። ለብ ያለ ውሃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው (እጅ የሚችለው ሙቀት ጀርም እንደማይገድል እናውቃለን)።

ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ተቅማጥ አምጪ ጀርሞች ጤነኛ በሚመስል ዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ወደ ሥጋው የሚሻገሩት አንጀት ሲቀደድ፣ ወይም ላባ የነጨው እጅ ሳይታጠብ ሆድ ዕቃ ሲያወጣ ነው። ስለዚህ ዶሮው ከመታረዱ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ መኖ አይሰጠው፤ ውሃ ግን ይጠጣ። ከገበያ ደርሶ ወዲያው የሚታረደው አንጀቱ ሙሉ ስለሆነ ቢላ ሲነካው ይፈነዳል፤ የበዓል ዋዜማ ዶሮ ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ነው። ላባው እንዲለቅ ዶሮው የሚነከርበት ውሃ ከ52 እስከ 60 ዲግሪ ሆኖ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይበቃል። በጣት መለካት ይቅር፣ ቴርሞሜትር ይግባ። የውሃው ሙቀት ሲበረታ ቆዳው ይበስልና ይቀደዳል፤ ሲያንስ ላባው አልነጭ ይልና ሠራተኛው ሲጎትት ያው ይቀደዳል። ቀኑን ሙሉ ሳይቀየር የዋለ መንከሪያ የኩስ ሾርባ ነው።

በሳሙና ባልታጠበ መክተፊያ ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው፤ ደምና ስብ በበረኪናው ውስጥ ያለውን ጀርም ገዳይ ክሎሪን ይጨርሱታል። ቅድሚያ ሳሙና፣ ቀጥሎ ማለቅለቅ፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 40 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ከተገናኘ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል።

ሥጋው 4 ዲግሪና ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ የሚያታልለው ደጋው ነው፣ ብርዱን እንደ ፍሪጅ ያስቆጥራል።

ተቅማጥ የያዘው ሠራተኛ፣ ተቅማጡ ካቆመለት በኋላም 48 ሰዓት ከሥጋ ይራቅ። የቀን ሠራተኛ ግን ታመምኩ ካለ ያን ቀን አይከፈለውምና አይናገርም። ይህን የትኛውም ሥልጠና አይፈታውም፤ የሥራ ፈቃድ ሲታደስ የሕመም ቀን ክፍያ ቅድመ ሁኔታ ይሁን።

ተቆጣጣሪዎቻችሁ የምስክር ወረቀት ከማየታቸው በፊት ቧንቧውን ከፍተው የራሳቸውን እጅ 20 ሰከንድ ይታጠቡ። ላባ የሚነጨውና ሆድ ዕቃ የሚያወጣው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሳሙናና ቴርሞሜትር መኖሩንም ይዩ። ጉብኝቱ በበዓል ዋዜማ ሌሊት ቢሆን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በምግብ ንጽህና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን