የሰኞው የስፖርት ገጻችሁ ፉትስክሬይን ዘሏታል

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰኞ ሰኞ የስፖርት ገጻችሁን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። አርሰናል ስንት ለስንት እንደወጣ፣ ማንቸስተር ዩናይትድን ማን እንደረታው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ምን እንዳደረጉ ከናንተ ነው የምሰማው። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ጋዜጣችሁ የሚዘጋጀው ሜልቦርን ነው። ብዙዎቻችን አንባቢዎች የምንኖረው በምዕራቡ በኩል ነው፤ ፉትስክሬይ፣ ሰንሻይን፣ ብሬብሩክ፣ ዌሪቢ። ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ደጃችን ላይ ስለሚካሄደው የአውስትራሊያ ፉትቦል (ፉቲ) ውድድር፣ ስለ ቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ፣ በአጭሩ ቪኤፍኤል፣ አንድ መስመር እንኳ አይቼ አላውቅም። የምጽፍላችሁ ይህ እንዲስተካከል ነው።

ስለ ኤኤፍኤል፣ ማለትም ስለ አገሪቱ ከፍተኛ የፉቲ ሊግ፣ አልፎ አልፎ ታነሳላችሁ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ የፍጻሜው ጨዋታ ሲደርስ፣ ሰው የሞላበት የኤምሲጂ ስቴዲየም ፎቶ አይቀርም። እኔ የምሟገትለት ግን ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ላለው ሊግ ነው። ለኛ የሚቀርበን እሱ ነው። ሜዳው ሩቅ አይደለም፣ መግቢያው ኪስ አይጎዳም፣ ልጆች ይዞ መግባትም አያስጨንቅም። ደግሞም ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው። ሜልቦርን ውስጥ አዲስ ተማሪ ክፍል ሲገባ፣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ማንን ነው የምትደግፈው?» ተብሎ ነው። ልጁ ይመልሳል። ቤት ገብቶ ሲያወራ ግን አባትና እናት የሚያወራላቸውን ቡድን አያውቁትም። በአማርኛ ማን ነገራቸው?

የሳምንቱ መጨረሻ እንዴት እንደሚሄድ ላስረዳ። የኤኤፍኤል ክለቦች የሚያሰልፉትን ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ማታ ያሳውቃሉ። ስሙ ያልተጠራው ተጫዋች ቤቱ አይቀመጥም፤ ቪኤፍኤል ላይ ይሰለፋል። ከጉዳት ያገገመውም፣ ገና ትምህርት ቤት ጨርሶ የፈረመውም እንደዚያው። ከነሱ ጋር ደግሞ ኳስ ብቻውን እንጀራ የማይሆናቸው ልጆች አሉ። ዊሊያምስታውን፣ ፖርት ሜልቦርን፣ ኮበርግና ፍራንክስተን በራሳቸው እግር የቆሙ ክለቦች ናቸው። ከላይ ተጫዋች የሚያወርድላቸው ትልቅ ክለብ የለም። ልጆቻቸው ቀን ሥራ ውለው ማታ ልምምድ ይገባሉ። አናጺ አለ፣ መምህር አለ፣ ተማሪ አለ። ቅዳሜ ሲደርስ ሙሉ ደመወዝተኛውና ከሥራ ወጥቶ የሚለማመደው አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከሥራ ወጥቶ የሚለማመደው የሚያሸንፍበት ቀን አለ። እኔ ያችን ቀን ፍለጋ ነው የምሄደው።

ከ2021 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሊጉ ከቪክቶሪያ ወጥቶ የሲድኒን፣ የብሪዝበንንና የጎልድ ኮስትን ቡድኖችም ይዟል። አዴሌድና ፐርዝ የምትኖሩ ደግሞ የየራሳችሁ የስቴት ሊግ አላችሁ፤ የኔ ጥያቄ የናንተም ይሁን።

ጨዋታውን አይተውት ለማያውቁ በአጭሩ ልንገር። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ረጃጅም ቋሚዎች አሉ። ኳሱ በእግር ተመቶ በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል ካለፈ 6 ነጥብ ነው። ከዳር ባሉት በኩል ካለፈ 1 ነጥብ ይያዛል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ኳስ በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ በአንዱ መዳፍ ይዞ በሌላው ቡጢ መምታት ነው። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘን የእግር ምት አየር ላይ የቀለበ ተጫዋች፣ ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ ይመታል። ጨዋታው አራት ሩብ አለው። እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ሲሆን፣ ኳስ የቆመበት ጊዜ ይጨመርበታል። ይህችን ካወቃችሁ ይበቃል፣ የቀረውን አጠገባችሁ የተቀመጠው ቲፎዞ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ዊተን ኦቫል ልምጣ። እንጀራ ከምንገዛበትና ቡና ከምንጠጣበት ከኒኮልሰን ጎዳና ተነስቶ በእግር የሚደረስበት ሜዳ ነው። ስንቶቻችን በአጥሩ በኩል ስናልፍ እንኖራለን፣ ውስጡን ግን አናውቀውም። የፉትስክሬይ ክለብ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ1925 ነው፤ ሆውቶርንና ኖርዝ ሜልቦርንም የገቡት ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ በ1954 አነሳ። በ1989 ክለቡ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ሊጉ ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህደው ወሰነ። ሰፈርተኛው እምቢ አለ። አይሪን ቻትፊልድ የምትባል አንዲት ደጋፊ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰችው፤ በዚህም ገንዘብ ለማሰባሰብ ጊዜ ተገኘ። ሕዝቡ ደግሞ ቆርቆሮ ይዞ በየመንገዱና በየቤቱ ዞረ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተፈለገው ገንዘብ ሞላና ክለቡ ተረፈ። ይህን ታሪክ ሳስብ እድራችን ነው የሚታየኝ። ሀብታም አይደለም ያዳነው፤ ሁሉም ካለው ላይ አዋጥቶ ነው። ያኔ ሰፈሩ የፋብሪካ ሠራተኛና ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ሰፈር ነበር። ዛሬ እኛ የምንኖርበት ሰፈር ነው። ታሪኩ በአማርኛ ተጽፎ ግን አላየሁም።

ዋናው ቡድን አሁን ዌስተርን ቡልዶግስ ተብሎ ትልቅ ስቴዲየም ላይ ነው የሚጫወተው። ዊተን ኦቫል ላይ የምናየው የቪኤፍኤሉን ቡድን ነው፤ እሱ ፉትስክሬይ የሚለውን የድሮ ስም ይዟል። በዚህ ስም ወደ ውድድሩ የገባው በ2014 ሲሆን በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 እንደገና ወሰደ። በዚያ ዓመት ዋናው ቡድንም ከ62 ዓመት በኋላ የኤኤፍኤልን ዋንጫ አነሳ። ሁለት ዋንጫ በአንድ ዓመት ፉትስክሬይ ገባ ማለት ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ በጣም የምወደው ግን የእረፍቱን ሰዓት ነው። ሩቡ ሲያልቅ ተመልካቹ ወደ ሜዳው ይገባል። አሠልጣኙ ተጫዋቾቹ ከብበውት ሲቆጣ ወይም ሲያበረታታ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ መስማት ይቻላል። ልጆች የየራሳቸውን ኳስ ይዘው ሳሩ ላይ ይጠልዛሉ። ትልቁ ስቴዲየም ውስጥ ይህ አይታሰብም። ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ያየው ተጫዋች ላቡን እየጠረገ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ያንን ደስታ አባቱም ቆሞ ሊያይለት ይገባል። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻችን የሚመጡት ከጎረቤት ልጅ ቤተሰብ ጋር ተለጥፈው ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሊግ የሚወጣው ታሪክ ገጽ የሚሞላ ነው። የማርሊዮን ፒኬትን ብቻ ልንገራችሁ። የአገሪቱ ነባር ሕዝብ ልጅ ነው። ወጣት ሳለ ሁለት ዓመት ተኩል እስር ቤት ቆይቷል። ከወጣ በኋላ በምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ ለሳውዝ ፍሪማንትል ተጫወተ። በ2019 የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ የኤኤፍኤሉ ክለብ ሪችመንድ መረጠው። ሴፕቴምበር ላይ በቪኤፍኤል ፍጻሜ ሪችመንድ ዊሊያምስታውንን በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፍ፣ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የኤኤፍኤል ፍጻሜ ነበር። ፒኬት በትልቁ ሊግ አንድም ጊዜ ተሰልፎ አያውቅም። አሰለፉት። የመጀመሪያ ጨዋታውን በፍጻሜ ያደረገ ሰው ከ1952 ወዲህ አልነበረም። ሪችመንድ ያንንም አሸነፈ። ሁለት ዋንጫ በአንድ ሳምንት! ከእስር ቤት ተነስቶ እዚያ የደረሰ ሰው ታሪክ ለየትኛው ወጣታችን አይጠቅምም?

የቅርባችንም አሉ። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በኖርዝ ሜልቦርን ዋና ቡድን ቦታ ከማግኘቱ በፊት በቪኤፍኤል ለዌሪቢ ይጫወት ነበር። በ2013 ኤኤፍኤል ላይ በመሰለፍ የመጀመሪያው የሱዳን ተወላጅ ሆነ። ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ በኢትዮጵያ የተወለደው ሲጄ ጃያት፣ ወደ ሆውቶርን ዋና ቡድን ያለፈው በቪኤፍኤሉ ቡድን በቦክስ ሂል በኩል ነው። ቡኩ ካሚስም ደቡብ ሱዳን ተወልዶ፣ በፉትስክሬይ ማልያ ዊተን ኦቫል ላይ ለዓመታት ተጫውቷል። ቤተሰቦቻቸው የመጡበትን መንገድ እኛም እናውቀዋለን። ከኛ ማኅበረሰብ ልጆች ብዙ የማይታዩት ችሎታ አጥተው አይመስለኝም። ወላጅ የማያውቀውን ነገር እንዴት ያበረታታ?

የወላጅን ስጋት አልንቅም። ፉቲ መጋጨት ያለበት ጨዋታ ነው። እናቶች «ጭንቅላቱን ቢመታብኝስ?» ሲሉ እውነት አላቸው። በአማርኛ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው። ኦስኪክ በሚባለው የልጆች ፕሮግራም ትንንሾቹ እየተያያዙ እንዲጣጣሉ አይደረግም። ጭንቅላቱን ተመቶ የዞረበት ተጫዋች በአካባቢ ክለቦች ቢያንስ 21 ቀን ወደ ጨዋታ እንዳይመለስ መመሪያ አለ። ኤኤፍኤል ላይ ዝቅተኛው 12 ቀን ነው። ይህን የምታውቅ እናት ክለቡ ድረስ ሄዳ «ልጄን ለምን ቶሎ አስገባችሁት?» ብላ ትጠይቃለች። የማታውቀው ወይ ጭራሽ ትከለክለዋለች፣ ወይ ደግሞ ልጇ ራሱን እያመመው ሲጫወት ዝም ትላለች። ሁለተኛው በጣም ያስፈራኛል። ከማኅበረሰባችን ሐኪም ጠይቃችሁ በዚህ ላይ አንድ ጽሑፍ ብታወጡ፣ ከሃምሳ የአርሰናል ዜና ይበልጣል።

ሴት ልጆቻችንም አይዘለሉ። የሴቶቹ ኤኤፍኤል በ2017 ሲጀመር ቡልዶግስ የተጫወቱት እዚሁ ዊተን ኦቫል ነው፤ የሴቶች ቪኤፍኤልም አለ። ኖርዝ ሜልቦርንና ፍሌሚንግተን ፎቆቹ ላይ ያደጉ ልጆች ደግሞ ሃድልን ያውቁታል። ከ2010 ጀምሮ በኖርዝ ሜልቦርን ክለብ ውስጥ የስደተኛ ቤተሰብ ወጣቶችን በትምህርት የሚያግዝ ነው። ያ ክለብ የሚገኝበት የአርደን ጎዳና ሜዳም ላይ ቪኤፍኤል ይጫወታሉ።

ሌላው የሚቆጨኝ የ2024ቱ ነው። ዌሪቢ ከ1993 ወዲህ አይቶት የማያውቀውን ዋንጫ በፍጻሜው ሳውዝፖርትን ረትቶ ወሰደ። ዌሪቢና ታርኒት ስንት ሐበሻ ቤት ሠርቶ እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ። የሰፈራቸው ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ሰኞ ጋዜጣችሁን ገለጥኩ። የእንግሊዝ ውጤት ሙሉ ነበር። የዌሪቢ የለም።

«ጊዜ የለንም» የሚለውም ይገባኛል። ቅዳሜ ሥራ አለ፣ የልጆች የአማርኛ ትምህርት አለ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግን ከጨዋታዎቹ ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ስለሆኑ ከቅዳሴ መልስ ይደረስባቸዋል። ማርች መጨረሻ ላይ ሲጀመር ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው። ሜዳው ላይ የሚሸጠው የሥጋ ፓይ ስለሆነ፣ እኔ በልቼ ነው የምሄደው። ጁንና ጁላይ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ የሚደርብ ሰው ብታዩ እኔ ነኝ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሰኞ ገጽ ላይ አንድ ትንሽ ሣጥን ስጡን። የሳምንቱን የቪኤፍኤል ውጤቶች አስፍሩበት፤ ከምዕራቡ ቡድኖች አንዱን መርጣችሁ ሁለት ሦስት መስመር ጨምሩበት። ሐሙስ ደግሞ በድረ ገጻችሁ ላይ መጪዎቹ ጨዋታዎች የት እንደሆኑና በስንት ሰዓት እንደሚጀመሩ ንገሩን። ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ሰው ጨዋታው ካለቀ ይደርሳል።

ውጤቶቹን እሁድ ማታ በአማርኛ ጽፌ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ፣ ክፍያም አልጠይቅም። ከኔ ይልቅ እዚህ ያደገ ወጣት ብታገኙ ደግሞ ቦታውን ለሱ ወይም ለሷ ስጡ። ቋንቋውን አብረን እናርማለን። ከናንተ ባልደረቦች አንዱ አንድ ቅዳሜ ካሜራ ይዞ ለመምጣት ከፈለገም ይደውልልኝ፤ በባርክሊ ጎዳና በኩል ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ስልኬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከፉትስክሬይ