የሳይንስና የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ፦ «አባባ ተጫኑ»

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ ለማዘጋጀት ዕቅድ ነበረው፤ ዓመቱን የወሰደው ግን አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። «አፕሎድ» የተባለው ይህ ተከታታይ ድራማ የግሬግ ዳንኤልስ ፈጠራ ሲሆን፣ በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ መታየት የጀመረው ሚያዝያ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ የወጣው ደግሞ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ለተማሪዎች ዕድሜ የማይስማሙ ትዕይንቶች ስላሉበት ድራማውን በሙሉ ማሳየት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ በየሳምንቱ ታሪኩን እኔ እየተረክሁ፣ የመረጥኋቸውን ክፍሎች ብቻ በላፕቶፕ አየን።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ2033 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር 2025 መሆኑን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አስልታ «ሰባት ዓመት ብቻ ቀረን!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ናታን የተባለ ወጣት ፕሮግራመር ራሱን በሚነዳ መኪና አደጋ ደርሶበት ሊሞት ሲል አእምሮው ተገልብጦ «ሌክቪው» ወደተባለ የኮምፒውተር ገነት ይገባል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው የሀብታም ልጅ የሆነችው ፍቅረኛው ናትና፣ ከሞተም በኋላ ከእጇ አይወጣም። በዚያ ገነት ለብዙው ነገር ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ገንዘብ የሌላቸው ሟቾች የሚኖሩት በወር 2 ጊጋባይት ብቻ በሚሰጥበት ምድር ቤት ሲሆን፣ ዳታቸው ሲያልቅ ወሩ እስኪታደስ ድረስ ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ። በእኔ ግምት ከድራማው ሁሉ የበለጠው ፈጠራ ይህ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ጥቅል መሀል ላይ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ክርክሩ የጠነከረው የኖራን አባት ታሪክ በሰሙ ጊዜ ነው። ኖራ በዚያ ገነት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናት፤ እንዲህ ያሉት ሠራተኞች «መላእክት» ይባላሉ፤ አንድ ዲያቆን ተማሪ ይህን አጠራር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቅር አላለውም። የታመመው አባቷ ግን ወደ ማሽኑ መግባትን እምቢ ይላል፤ የሞተች ሚስቱን የሚያገኛት በእውነተኛው ሰማይ እንደሆነ ያምናልና። ዲያቆኑ «የተገለበጠው ቅጂ ነው፣ ነፍስ አይደለም» ሲል፣ ሌላዋ «ታዲያ አርባው ይውጣለት ወይስ አይውጣለት?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ መልስ አላገኘንለትም። የባዮሎጂ መምህራችን በበኩላቸው ነገሩን ወደ ቁጥር መለሱት፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሙሉ የነርቭ ካርታዋ ይፋ የሆነው የፍራፍሬ ዝንብ በአንጎሏ ያሏት የነርቭ ሴሎች 140 ሺህ ገደማ ሲሆኑ፣ የሰው ግን 86 ቢሊዮን ያህል መሆናቸውን፣ ካርታ መሣልም ሐሳብን ከመገልበጥ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን አስረዱ።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ የራሳቸውን አጭር ቲያትር ለመጻፍ ተነሡ። የመጀመሪያው ችግር ርእሱ ነበር፤ «አፕሎድ» በአማርኛ «መጫን» ነው ሲባል፣ ከገጠር የመጣ ልጅ «ሰው እንደ አህያ ይጫናል እንዴ?» ብሎ አሣቀን። ቅኔ ቤት የቆየ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ቃሉን አልለቀቀውም፤ «አባባ ተጫኑ» ቢባል በአንድ በኩል ሽማግሌው መጫናቸውን፣ በሌላ በኩል ስልክ ላይ «ቁልፉን ተጫኑ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል አለ። በዚሁ ጸደቀ። ልምምዱ በመብራት መጥፋት ምክንያት ሦስት ጊዜ ተቋርጧል።

ቲያትሩ በሰኔ ወር በወላጆች ቀን ቀረበ። አባባ ከሞቱ በኋላ በራሳቸው ተዝካር ላይ በስልክ ተገኝተው እንግዳውን ያስተናግዳሉ፤ ጠላው መቅጠኑን ይነቅፋሉ፤ ዳታውን ማን ይክፈል በሚለው ልጆቻቸውና እድሩ ይጣላሉ። በመጨረሻም ቤተሰቡን ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው «ከእናንተ ክፉ…» እንዳሉ ጥቅሉ ያልቃል። ጋቢ ለብሶ ጥጥ ሪዝ የለጠፈው ተማሪያችን አፉን እንደከፈተ ደረቀ፤ ዝንብ ግንባሩ ላይ ዐርፋ ወደ አፍንጫው ስትወርድ እንኳ ዐይኑን አላርገበገበም። ከፊት ረድፍ የነበሩ አንዲት እናት የምር የታመመ መስሏቸው «ኧረ ውኃ አምጡ!» ብለው ተነሡ፤ አዳራሹ ሲሥቅ እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ሣቁ። ቀጥሎም ከመቀነታቸው 50 ብር ፈትተው ወደ መድረኩ ወጡና በልጁ በተዘረጋ እጅ ላይ አስቀምጠው፣ «በሉ፣ ካርድ ሙሉላቸውና ምርቃቱን ይጨርሱልን» አሉ።

ልጁ ምርቃቱን ጨርሷል። ገንዘቡ ለክበቡ ገቢ ሆኖ ደረሰኝ ተቆርጦለታል።