ስድስተኛው ትእዛዝ የትኛው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ለሰፈሩ ልጆች ጥያቄና መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር። «ስድስተኛው ትእዛዝ ምንድን ነው?» ተባለ። ልጄ «አታመንዝር» አለች። ጠያቂው «ተሳስተሻል፣ አትግደል ነው» ብሎ ነጥቡን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠው። እያለቀሰች መጣች። (አቦ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ዝሙት ለምን ትጠየቃለች የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ሁለቱም ልክ ናቸው! ኦሪት «አሥርቱ ቃላት» ይላል እንጂ አንድ፣ ሁለት እያለ አይቆጥርም። የቆጠሩት ሰዎች ናቸው። አይሁድ «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ እኔ ነኝ» የሚለውን፣ እኛ መግቢያ የምንለውን፣ አንደኛ ቃል ያደርጉታል፤ አትግደል ስድስተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶችም የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ለብቻው ሁለተኛ ብለው እዚያው ስድስት ላይ ይደርሳሉ። ካቶሊኮችና ሉተራኖች ግን እሱን ከመጀመሪያው ጋር ይደርቡትና አትግደል አምስተኛ ይሆናል፣ የጎደለውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አትመኝን ለሁለት ከፍለው ይሞሉታል። እኛ ኦርቶዶክሶች አትግደልን አምስተኛ እንላለን፣ አትመኝን ግን አንከፍልም። አሥረኛችን «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው።

ልጄን ሳባብል ጎረቤቴ ቡና ሊጠጣ ገባና «ተዪው፣ ኦሪት ሕግ ነው፣ ፍቅር የወንጌል ነው» አላት። ይሄን አባባል ስንቴ ሰማሁት! አሥረኛ ያልነው ቃል እኮ ከዘሌዋውያን 19፥18 ነው የመጣው፣ ኦሪት ውስጥ ያለ። ሕጉንም ቢሆን አይሁድ በደረቁ አላነበቡትም። ሊቃውንቶቻቸው 613 ትእዛዝ ይቆጥራሉ፣ 248 አድርግ፣ 365 አታድርግ፣ በእያንዳንዷም ሲከራከሩ ኖረዋል። ለምሳሌ ከአሥሩ ውስጥ ያለውን «አትስረቅ» ስለ ዕቃ ሳይሆን ሰው ጠልፎ ስለ መውሰድ ነው ይላሉ።

በሰንበት እሳት አታንድዱ የሚለውንም ተመልከቱ። ረቢዎቹ ዓርብ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት የተለኮሰ እሳት ይቆይ ስላሉ ተከታዮቻቸው ቅዳሜ ትኩስ ይበላሉ። የረቢዎቹ የሕግ ትንታኔ መጽሐፍ፣ ታልሙድ፣ ያልደረሳቸው የእኛዎቹ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ ግን እሳቱን ዓርብ አጥፍተው ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር። አንድ ጥቅስ፣ ሁለት ምጣድ። ክርስቲያኑ አብዛኛው ሰንበትን ወደ እሑድ ወሰደ፤ የኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቅዳሜንም እሑድንም አጸናች።

እናንተም የሃይማኖት ዓምዳችሁ ላይ «አምስተኛው ትእዛዝ»፣ «ሰባተኛው ትእዛዝ» ስትሉ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ቃል ጨምሩበት። ጠያቂውን ሄጄ አናግሬዋለሁ፣ ሰምቶኝ ሳቀ። ነጥቡን ግን እስካሁን አልመለሰላትም።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ