ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ "የግንዛቤ እጥረት" ብላችሁ አትዝጉት

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐረር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ደብዳቤው ግን ስለ ወባ፣ ስለ ጉበትና ስለ ካንሰር ኦፕራሲዮን ነው የሚያወራው። "የታሪክ አስተማሪ ምን አገባው" ካሉ እሱኑ ልነግርዎ ነው የተነሳሁት፣ የጤናና የሶሻል ሳይንስ ሰው እኩል ሆኖ አብሮ እንዲመራመር መንገዱ ይከፈት ነው የምለው። በመዝገብ ቤት ያልላኩት ደሞ ማህተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ከሚያድር ሰው ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ፣ አንድ ሰርጀን ጓደኛዬና ማይክሮባዮሎጂ የምታስተምር አንዲት ልጅ ሆነን ፕሮፖዛል ጽፈን ነበር፣ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ከገጠር ተነስተው ኦፕራሲዮን ክፍል እስኪደርሱ ያለፉበትን መንገድ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ እንከተል፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ የኤችፒቪ፣ ምርመራውም አብሮ ይሰራ፣ ቤተሰቡም ቁጭ ተብሎ ይጠየቅ ብለን። የጤናው ወገን አንብቦ "ይሄ ሶሻል ሳይንስ ነው" አለን፣ የሶሻሉ ወገን ደሞ "ይሄ የጤና ነው፣ እዛው ውሰዱት" አለን። በመጨረሻ የመጣው መፍትሄ ምን መሰልዎት፣ የታሪክ ሰውዬው ዳታ ኮሌክተር ሆኖ ይግባ፣ በቀን አበል። የግቢውን ስም አልጠራም፣ ሌላ ቦታ ያሉ ጓደኞቼም ያው ተመሳሳይ ታሪክ ነው የሚነግሩኝ፣ ፎርሙ ራሱ ቦታ ያለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው።

የፎርም ነገር ትንሽ ጉዳይ ይመስላል አይደል። እስኪ ድሬዳዋን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2022 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድሬ ላይ ወባ ሲነሳ ሁላችንም ከልጅነት የምናውቀው ነገር ነው የተገለበጠው። ወባ ማለት ዝናብ፣ ረግረግ፣ ገጠር ነበር፣ ይሄኛው ግን በደረቁ ወራት መሀል ከተማ ገብቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር አስተኛ። ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ቤትና ዙሪያውን እየተከተሉ ሲፈትሹ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ እዛው አካባቢ ተገኘች፣ በውስጧም የወባው ተህዋስ ነበረ። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲሲን የሚባለው ጆርናል ላይ ወጣ። የሚያስፈራው ደሞ ተህዋሱ አርቴሚሲኒን የተባለውን መድኃኒት የመቋቋም ምልክትና በፈጣን መመርመሪያው ኪት እንዳይታይ የሚያደርገው የዘር ለውጥ ተገኝቶበታል፣ ማለት ኪቱ "ወባ የለህም" እያለህ አንተ ትንቀጠቀጣለህ። ትንኟ ጅቡቲ ላይ የታየችው በ2012 ነው፣ እኛ ጋ ቀብሪደሃር ላይ በ2016፣ ከዛ እስከ ድሬ ያለውን መንገድ እንግዲህ ያስቡት።

ስራው አንደኛ ነው፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ይቺ ትንኝ የምትራባው የት ነው? በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታመጣው ሌላዋ ትንኝ ኤደስም በርሜል ትወዳለች። ደንጊ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተረጋገጠው በ2013 እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ በ2019 ደሞ ይቺው ኤደስ የምታስተላልፈው ቺኩንጉንያ መጥቶ የከተማውን ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ አስቀመጠው። ሶስት በሽታ፣ አንድ በርሜል። ታዲያ የድሬ ሰው በርሜል የሚሞላው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው እንጂ ትንኝ ማርባት ወዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደርሶ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር በፕላን፣ መጋላ የሚባለው በራሱ መንገድ ሲያድጉ ቧንቧው ማን ጋ ቀድሞ ደረሰ፣ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ተነስታ የምትቀዳው ማን ናት፣ በርሜሉን ማን ያጥበዋል፣ ክዳኑስ ለምን አይገጠምም፣ ኬሚካል የሚጨምረው ሰው ሲመጣ ለምን በር አይከፈትለትም? ይሄን ሁሉ ትንኝ የሚቆጥረው ሰው ይመልስልኝ ማለት ግፍ ነው። መልሱ ያለው ታሪክና አንትሮፖሎጂ ጋ ነው፣ እነሱ ደሞ በጀቱ ውስጥ የሉም፣ ስለዚህ የሚተርፈው "ውሃ አታጠራቅሙ" የሚል ፖስተር ነው፣ ቧንቧው ደርቆበት ፖስተሩን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚል እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ደንገጎን ወጥቼ ወደ ሐረር ልመለስ፣ ዋናው የሚያንገበግበኝ ጉዳይ እዚህ ነው።

ሰርጀን ጓደኛዬ ቡና ላይ የሚያነሳው ሁሌ አንድ ነገር ነው፣ "ይቺን ሴትዮ ከስድስት ወር በፊት ባገኛት ኖሮ"። የጡት እብጠት ትንሽ እያለ ከመጣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ይወጣል፣ ብብት ስር ያለው ንፍፊት አብሮ ይወጣል፣ ባዮፕሲው ይታያል፣ ኬሞ ምናምን ይከተላል፣ ብቻ መንገድ አለው። ቆዳውን አፍርጦ፣ ጉበትና ሳንባ ገብቶ ከመጣ ግን ሰርጀኑ የሚያደርገው ነገር በጣም ጥቂት ነው። የማህፀን በሩ ጭራሽ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ገና ካንሰር ሳይሆን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በአይን አይቶ እዛው ማከም ይቻላል፣ በጅምሩ ከተገኘም በኦፕራሲዮን ይድናል፣ ካለፈ ግን ጨረርና ኬሞ ነው፣ ጨረር ደሞ ለብዙ ዓመት በአገሩ ሁሉ ጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበር ያውቃሉ። የምግብ ቧንቧ ካንሰርም፣ ሰው የጉሮሮ የሚለው፣ እንጀራው አልወርድ ሲል ጀምሮ ውሃ አልወርድ እስኪል ይጠበቃል፣ ያኔ ብዙውን ጊዜ ምግብ ማሳለፊያ ቱቦ ማስገባት ነው የሚቀረው።

ለምን ይዘገያል? ስንት ቴሲስ ተጽፎበታል መሰልዎት። መጠይቅ ይበተናል፣ ታውቂያለሽ አታውቂም፣ ትስማሚያለሽ አትስማሚም፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይገባል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ "የግንዛቤ እጥረት ስላለ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ" ተብሎ ይዘጋል። ይቺን ዓረፍተ ነገር የሚከለክል መመሪያ ቢያወጡልን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ለምሳሌ "ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል" የሚለውን ይውሰዱ፣ ገጠርም ከተማም የሚባል ነገር ነው። መጠይቁ "የተሳሳተ አመለካከት" ብሎ ዜሮ ይሰጠዋል። እኔ ግን በሙያዬ ከሰው አፍ የሚሰማን ነገር ከየት መጣ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ እና ይሄ ነገር ከባዶ አልመጣም። ጎረቤት ዘግይታ ሄደች፣ ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፣ ሰፈሩ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ አየ። ቀጣይዋ እብጠቱን ስታገኝ ይቺን አስታውሳ ትፈራለች፣ ፈርታ ትቆያለች፣ ስለቆየች ኦፕራሲዮኑ አያድናትም፣ ወሬው አንድ ተጨማሪ ምስክር አገኘ ማለት ነው። ሰዎቹ ያዩት ነገር ትክክል ነው፣ የተሳሳቱት ምክንያቱ ላይ ነው፣ ይሄን ደሞ ፖስተር አይፈታውም፣ በጊዜ ሄዳ ኦፕራሲዮን ተደርጋ የዳነች ሴት አፎቻ (የሐረር እድር በሉት) ላይ ተቀምጣ ብታወራ ግን ሊፈታው ይችላል። ያቺን ሴት ፈልጎ ማግኘት፣ ታሪኳን ሳያጣምሙ መቅዳት፣ የትኛው አፎቻ ላይ ማን ሲናገር እንደሚደመጥ ማወቅ፣ ይሄ የሰለጠነበት ሰው አለው፣ ስራ ፈቶ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። ከዛ ውሳኔው የማን እንደሆነ አለ፣ ባልየው ነው፣ አማትየው ናት፣ ወይስ ኮንትራት መኪና የሚከፍለው ወንድም? ከሼኹ ወይ ከፀበሉ በኋላ ነው ወይስ በፊት ነው ሆስፒታል የሚታሰበው? ሰርጀኑ ይሄን ቢያውቅ ሪፈር የሚልበትን መንገድ ራሱ ይቀይረው ነበር።

ኢንፌክሽኑና ካንሰሩ ደሞ እንደ ኮሌጆቻችን የተለያዩ አይደሉም። በዓለም ላይ በ2018 ከተገኘው አዲስ ካንሰር 13 በመቶ የሚሆነው ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ተገምቷል፣ ኤችፒቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ጨጓራ ውስጥ ያለችው ኤች ፓይሎሪ። የኤችፒቪ ክትባት አገራችን በ2018 መጨረሻ 14 ዓመት የሞላቸውን ልጃገረዶች ይዞ ሲጀምር የላብራቶሪው ጥያቄ አብዛኛው ተመልሶ ነበር፣ የቀረው እናትየው ልጇን ትሰጣለች ወይ፣ "ያመክናል" የሚለውን ወሬ ማን ነው የሚመልሰው የሚለው ነው።

ጉበትም አለ። ሐረር ውስጥ ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ላይ ተሰርቶ በ2018 የወጣ ጥናት ጫት መቃም ስር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። እሺ፣ ቀጥሎስ? ሐረርጌ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ለምንድነው፣ አወዳይ ገበያው እንዴት ያን ያህል አደገ፣ ቅጠሉ ላይ ምን ይረጫል፣ ማን ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይቅማል፣ አብሮት የሚጠጣው ሆጃ ምን ያህል ትኩስ ነው? የመጨረሻውን እንዳይስቁበት፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 መድቦታል። ቴርሞሜትር ይዞ በርጫ ላይ የሚገባ ሰው መጀመሪያ በርጫው ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ያስፈልገዋል።

አይቻልም እንዳይባል እዚሁ የተቻለ ነገር አለ። ቻምፕስ የሚባለው የሕጻናት ሞት ጥናት፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከለንደኑ የሃይጂንና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ ቀርሳና ሐረር ላይ የሚሰራው፣ ከሞተ ሕጻን በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ የሞቱን ምክንያት ማወቅ ነው። አስቡት፣ ቀብር በዛው ቀን በሚፈጸምበት አገር፣ ልጁ ከሞተ በሰዓታት ውስጥ ወላጅን ፈቃድ መጠየቅ ነው። ላብራቶሪ ብቻውን ይሄን አይገፋውም፣ ማህበረሰቡን የሚያጠኑ ሰዎች ከሃይማኖት አባቶችና ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የሚሰሩበት ክፍል የጥናቱ አካል ነው። ግን ገንዘቡ የውጭ ነው፣ የኛ ፎርም አይደለም የወለደው። ሐረር አጠገብ ያለውን ቢሲዲሞን ደሞ ይመልከቱ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የስጋ ደዌ ህመምተኞች የታከሙበት፣ ጀርመኖች የደገፉት ሰፈር ነው። ሰው በበሽታው ምክንያት ከቤተሰብ ሲለይ ምን እንደሚሆን የሚያስታውሱት ሰዎች እያረጁ ነው፣ ዛሬ ጡቷን በማጣቷ ትዳሯን ለምትፈራ ሴት የሚጠቅም ትዝታ አላቸው፣ የሚቀዳቸው ግን ያስፈልጋል።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የሐኪሞቹ ብቻ አይደለም። የኛ ወገን ኮንፈረንስ ላይ "የእንትን ሚና ለእንትን ግንባታ" የሚል ወረቀት አቅርቦ ምሳ በልቶ የሚበተንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሐኪሞቹ ቢያሙን አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የመጣው ሰባ ሰላሳ፣ ሰባው በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሰላሳው ለሶሻል፣ የተማሪ ምደባ ነበር፣ መንፈሱ ግን ገንዘቡ ውስጥም ገባ፣ በኔ እይታ ሰላሳዎቹ ጥግ ይዘን ለራሳችን ብቻ መጻፍ የለመድነው ከዛ ወዲህ ብሶ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይሄ ነው ክቡር ሚኒስትር። ሐረማያን ጨምሮ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተለይተዋል፣ ለነሱ በሚወርደው መመሪያ ላይ አንድ ፕሮፖዛል ከተለያየ ኮሌጅ ሁለት ወይ ሶስት እኩል መሪ ሊኖረው ይችላል ተብሎ ይጻፍ፣ ገምጋሚዎቹም ከሁለቱም ወገን ይሁኑ። የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የአንትሮፖሎጂ ሰው ጊዜ እንደ ሰርጀኑ ጊዜ በጀት ይያዝለት፣ በዳታ ኮሌክተር አበል አይሁን። ከጤና ሚኒስቴር ጋርም ተነጋገሩበት፣ አንድ የጨረር ማሽን ስንት እንደሚፈጅ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሴትዮዋ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ከደረሰች ማሽኑ ሕመም ከማስታገስ ብዙም አያልፍም፣ በጊዜ ያልመጣችበትን ምክንያት ማጥናት ደሞ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

እድገት ላይም አንድ ነገር አለኝ። ውጤቱን በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ ወይ በአማርኛ ጽፎ ለሰዉ የመለሰ መምህር ለማዕረግ ሲወዳደር ነጥብ ይቆጠርለት። አሁን ባለው አሰራር ሰው የሚሮጠው ውጭ ጆርናል ላይ ለማውጣት ነው፣ አይፈረድበትም፣ ደመወዙ እዛ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ግን ጉርሱም ላይ ስለሷ የተጻፈውን የማታገኝ ሴት አለች፣ ጤና ኬላው ውስጥ ያለችው ኤክስቴንሽን ሰራተኛም አታገኘውም። የሚቀጥለው የምርምር ጥሪ ከመውጣቱ በፊት መመሪያው ላይ ሃሳብ ሰብስቡ፣ ከተፈለገ ሰርጀኑንም ማይክሮባዮሎጂስቷንም ይዤ አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ ትራንስፖርት በራሳችን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ ሐረር