ገጽ ለገለጣችሁልኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት ወደዚያ አልመለስም። ባጃጁ ተገለበጠ፣ የዳሌዬና የጭኔ አጥንት ተሰበረ፣ አራት ወር በጀርባዬ ተኛሁ። በዚሁ ይብቃ። ይህን የምጽፈው ቁጭ ብዬ ነው። ቁጭ ብዬ! ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን።

ከሰው ደግሞ አስቀድሜ ጋሼን ላመስግን። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛል፤ በሠፈራችን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ግን ያውቃቸዋል። በግራ ክንዳቸው እስከ አገጫቸው የሚደርስ የመጽሐፍ ቁልል ታቅፈው ከካፌ ካፌ የሚዞሩት መጽሐፍ አዟሪ ናቸው። የቀድሞ ትውውቃችን የገዢና የሻጭ ነበር፦ እኔ ዋጋ አስቀንሳለሁ፣ እርሳቸው "አንቺ ልጅ፣ ልታከስሪኝ ነው" ይላሉ። በተኛሁ በሁለተኛው ሳምንት ቁልሉን እንደታቀፉ መጡ። ጥበቃው ለመሸጥ የመጡ መስሎት በር ላይ አቁሟቸው ነበር።

በጀርባው የተኛ ሰው መጽሐፍ ይዞ ማንበብ እንደማይችል ያልተኛ አያውቅም። ክንድ ይዝላል፣ መጽሐፉ ፊት ላይ ይወድቃል። ጋሼ ይህን አዩና ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ሲመለሱ ሲባጎና አራት የልብስ መቆንጠጫ ይዘዋል። መጽሐፉን ገልጠው፣ ግራና ቀኙን ቆንጥጠው፣ ከጉሉኮስ መስቀያው ላይ አንጠለጠሉልኝ። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ሁለት ሁለት ገጽ ሆነ፤ ሁለቱን አንብቤ የሚገልጥልኝ ሰው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ሙቀት ልትለካ የመጣች ነርስ ትገልጣለች፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ይገልጣል፣ ምግብ አመላላሿ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ትገልጣለች። ገጽ የገለጣችሁልኝ ሁሉ፣ የብዙዎቻችሁን ስም እንኳን አላውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ከዓመት በፊት በሰንበት ትምህርት ቤታችን "ለክርስቲያን ወጣት ልብ ወለድ ምን ያደርግለታል?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምንም አያደርግለትም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ጭብጨባም አግኝቼበታለሁ። ዛሬ ቃሌን አንሥቻለሁ።

ያነሣሁትም በአንድ ቀን ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው የገቡበት ጊዜ ነበር። እኔን የነፍስ አባቴ ስለሕመሜ ከጾሙ ፈትተውኝ ሾርባ እጠጣለሁ፤ ጋሼ ጾመኛ ናቸው። ቁስሉ አመርቅዞ ስለነበር ትኩሳቱ ዓይኔን አልገልጥ አለኝ። እርሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ወንጀልና ቅጣትን ጮክ ብለው ያነቡልኝ ጀመር። ሶኒያ በምታልቅ ሻማ ብርሃን የአልዓዛርን ታሪክ፣ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን፣ ለነፍሰ ገዳዩ ለራስኮልኒኮቭ የምታነብበት ቦታ ደረስን። መጽሐፉ ላይ የሶኒያ ድምፅ ይቆረጣል። የጋሼም ተቆረጠ። በጥም ይሁን በሌላ፣ አልጠየቅኋቸውም። አልዓዛርን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ፤ አራት ቀን በመቃብር መሰንበት ምን እንደሆነ ያሰብኩት ግን ያን ዕለት፣ ከሙስሊም አዛውንት አፍ፣ በሩሲያዊ ደራሲ ልብ ወለድ ውስጥ ነው።

ይህን ስጽፍ እንኳን እጄ ይንቀጠቀጣል። ልለፈው።

በፍቅር እስከ መቃብር ላይ ግን ከጋሼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እርሳቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጡ ናቸውና ጉዱ ካሣን የሚነካባቸው ሰው ጠላታቸው ነው። እኔን ያንገበገበኝ በዛብህ ነው፤ ሳይጠየቅ በወላጆቹ ስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ። ሰው ያለውን ይሳላል እንጂ የሌላውን ዕድሜ እንዴት ይሳላል? "ሐናስ ሳሙኤልን አልተሳለችም?" ያለኝን የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሜን እስካሁን እያሰብኩበት ነው፤ መልስ የለኝም። እማዬም ለእኔ ተስላ ነበር። ጃንጥላ ነው የተሳለችው እንጂ እኔን አይደለም፤ ተመስገን።

እማዬ፣ ትራሴ ሥር ያኖርሽልኝን ገድለ ተክለ ሃይማኖት እያነበብኩ የሳቅሁ ዕለት እንደተቀየምሽ አውቃለሁ። በጻድቁ አይደለም የሳቅሁት። የእርሳቸው እግር የተሰበረው ቆመው ሲጸልዩ ነው፣ ከዚያም ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆሙ፤ የእኔ በባጃጅ ተሰብሮ ተኝቼ አማርራለሁ። በራሴ ነው የሳቅሁት። ለአራት ወር ወለል ላይ ተኝተሽ ያስታመምሽኝን ግን በምን ቃል ልጻፈው? አልችልም፣ ተይኝ።

የሥነ ልቡና መጻሕፍት ያመጣችሁልኝ ወዳጆቼ፣ ዘጠኝ ናቸው፤ ፍቅራችሁን ተቀብያለሁ። ሁሉም በየገጹ "ተነሥ! ተነሺ!" ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ እንዳትነሺ ብሎኛል። ከመዝሙረ ዳዊት ጋር ሳስተያያቸው የሚጎድላቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዳዊት እስከ መቼ ብሎ ያለቅሳል፣ እነርሱ ለማልቀስ ጊዜ አይሰጡም።

ለሌሊቱ ሕመም ሼርሎክ ሆልምስን የሚያክል አላገኘሁም። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ገጽ ልትገልጥልኝ መጥታ ቆማ አብራኝ ታነብብ ነበር፤ አንድ ሌሊት ገዳዩን ቀድማኝ ደርሳበት ነገረችኝ። ይቅር ብያታለሁ። ታናሽ ወንድሜን ደግሞ የናርኒያን ታሪክ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ስነግረው፣ አንበሳው ለከዳተኛው ልጅ ሲል ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ሲሞት "ይህማ ስቅለት ነው!" ብሎ ጮኸ። ለእኔ ምሳሌው ትንሽ ገሃድ ወጣብኝ፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ልክ ነው።

ሐኪሞቼ፣ የመዘምራን ክፍል አባላት፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ ከቤሩት ደመወዟን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ፣ ደም የሰጣችሁ የማላውቃችሁ ሰዎች፣ እግዚአብሔር ብድራታችሁን ይክፈላችሁ። ስማችሁን የዘለልኩ ካላችሁ ጭንቅላቴ ገና ከማደንዘዣው አልነቃም በሉና እለፉኝ።

ጋሼ፣ ሐሙስ በክራንች እስከ ካፌው እመጣለሁ። ያከራዩኝን አሥራ አራት መጻሕፍት ሒሳብ በደብተርዎ እንዳልጻፉት አውቃለሁ፤ እኔ ጽፌዋለሁ። አሥራ ሦስቱን እመልሳለሁ። ወንጀልና ቅጣት አልዓዛር ያለበት ገጽ ላይ ሾርባ ነክቶታልና እርሱን አልመልስም። ዋጋውን ይንገሩኝ፤ በዚህኛው አልከራከርም።