የደም ናሙና የምንመልስባችሁ ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ከክሊኒካችሁ ወደ ላቦራቶሪያችን የሚመጣውን የደም ናሙና ከወትሮው በበለጠ እየመለስን ነው። «ምን ነካችሁ?» ብላችሁ የደወላችሁልን አላችሁ። ልጇ ሁለተኛ ስትወጋ የምታይ እናትን ማባበል ለእናንተ እንደሚተርፍ እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩን በግልጽ እናስረዳችሁ።

በቅርቡ አንድ ናሙና ላይ ፖታሲየም ሠራን፤ 9.2 አለ። የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። 9 ማለት ልብ ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው። ካልሲየሙ ደግሞ ከመጠን በላይ ወርዷል። ማሽኑን ጠረጠርን፤ የጠዋቱን ኮንትሮል (የማሽኑን መፈተሻ ናሙና) ስናይ ደህና ነው። ስልክ ደወልን። ታካሚው ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው! ኋላ ሲጣራ ደሙ መጀመሪያ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ተቀድቶ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቀዩ ተገለበጠ። ሐምራዊው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኤዲቲኤ አለ። እሱ ፖታሲየሙን ከፍ ያደርጋል፣ ካልሲየሙን ይይዛል። ማሽኑ የሰጡትን ነው የለካው። ያን ውጤት አምኖ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ቢኖርስ? ዛሬም ስናስበው ይዘገንነናል።

ማሽኑን በየጠዋቱ እንፈትናለን። መጠኑ የታወቀ ኮንትሮል እናስኬድና የየቀኑ ውጤት በሚታይበት በሌቪ ጄኒንግስ ቻርት ላይ ነጥቡን እናስቀምጣለን። ነጥቡ ከአማካዩ ከ3 ስታንዳርድ ዴቪየሽን (የውጤት መዋዠቅ መለኪያ) በላይ ከራቀ፣ ምክንያቱ ሳይገኝ የማንም ውጤት አይወጣም። በላቦራቶሪ ሥራ ግን አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ደሙ ማሽን ውስጥ ሳይገባ በፊት ነው። እዚያ ደግሞ ኮንትሮል አይደርስም።

የእኛንም ጥፋት እንናገር። አንድ የስኳር ናሙና ስድስት ሰዓት ላይ ደርሶን፣ ሴንትሪፊዩጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሴሎቹ የሚለይ ማሽን) ሳይገባ እስከ አሥር ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ደም ሳይለይ ሲቀመጥ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ናሙናውን ጣልነው፤ ታካሚውን ይቅርታ ጠይቀን በነጻ ደገምንለት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ናሙና የደረሰበትና ውጤቱ የወጣበት ሰዓት ይመዘገባል።

የተመለሱ ናሙናዎችንም ከነምክንያታቸው እየቆጠርን ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የየክሊኒካችሁን ቁጥር ለየብቻ እንልክላችኋለን። ለወቀሳ እንዳይመስላችሁ። ሴሎቹ ፈርሰው ሴረሙ (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ቀልቶ የሚመጣ ከበዛ ብዙ ጊዜ መነሻው ትንሽ ነገር ነው። መርፌው ቀጥኗል፣ ደሙ ከስሪንጅ በኃይል ተገፍቷል፣ ወይም ቲዩቡ ተንጧል። ቲዩቡን እንደተከደነ ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ይበቃል።

እስከዚያው እባካችሁ፣ ስምና የካርድ ቁጥር እዚያው ታካሚው ፊት ቲዩቡ ላይ ይጻፍ፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከሆነ እንመልሳለን። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ሰማያዊው ቲዩብ እስከ መስመሩ ይሙላ፤ ከጎደለ የደም መርጋት ምርመራው ይዛባል። ደም ከቲዩብ ወደ ቲዩብ በፍጹም አይገልበጥ።

ደም የሚቀዱ ባልደረቦቻችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል። የተመለሱትን ናሙናዎች በዓይናቸው ያያሉ፣ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ክፍያ የለውም፤ ቡናም ይፈላል።

ከሰላምታ ጋር፣
የላቦራቶሪው ባልደረቦች