ስልኩን ከማምጣታችሁ በፊት ቀኑን እዩልን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ስልክ ወይም ታብሌት ለጥገና ስታመጡልን መጀመሪያ የምንጠይቃችሁን ታውቁታላችሁ። «ባክአፕ አለው?» እንላለን፤ ውስጡ ያለው ነገር ቅጂ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ወይ ማለታችን ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ በርቷል» ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የበራ ባክአፕና የተሠራ ባክአፕ አንድ አይደሉም። ቁልፉ አረንጓዴ እንደሆነ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ክላውዱ (ቅጂው በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ማከማቻ) ላይ ግን አንድም አዲስ ነገር አልወጣም።

ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀይረናል። ከእንግዲህ «መጨረሻ የተደረገው መቼ ነው?» እንላችኋለን። መልሱን ስልኩ ገና ደህና እያለ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። አይፎንና አይፓድ ላይ ሴቲንግስ ግቡ፣ ስማችሁን ንኩ፣ አይክላውድ (የአፕል ክላውድ)፣ ከዚያ አይክላውድ ባክአፕ። ቀኑና ሰዓቱ እዚያው ተጽፏል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግስ፣ ጎግል፣ ባክአፕ ነው። ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል፤ ካጣችሁት ሴቲንግስ ውስጥ ያለው መፈለጊያ ላይ ባክአፕ ብላችሁ ጻፉ። ቀኑ የትናንት ወይም የዛሬ ከሆነ ደብዳቤውን እዚህ ጋ ብታቆሙት አንቀየምም። ዋትስአፕ ያላችሁ ግን ወረድ ብላችሁ እሱን ብቻ አንብቡልን።

እኛም ከዚህ አላመለጥንም። ዕቃ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ አይፓድ አለን። ስማችሁንና የስልካችሁን ብልሽት የምንመዘግበው እሱ ላይ ነው። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ ነው። ዋይፋዩም አይቋረጥም። ባክአፑ በርቷል። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሴቲንግስ ገብተን ድንገት ቀኑን ብናየው፣ አራት ወር አልፎታል! ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አይክላውድ በራሱ ጊዜ ባክአፕ የሚያደርገው ቻርጀር ላይ ሲሆን፣ ዋይፋይ ሲያገኝና ስክሪኑ ሲቆለፍ ነው። እኛ ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር ፒን ማስገባት ስለሰለቸን፣ ስክሪኑ በራሱ እንዳይቆለፍ አድርገነው ነበር። አልተቆለፈም፣ ባክአፕም አላደረገም። አንድም የስህተት መልእክት ዓይናችን ውስጥ አልገባም። አሁን ማታ ስንወጣ በእጃችን ቆልፈነው እንሄዳለን።

አንድሮይድም ከዚህ አይርቅም። ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ዋይፋይ ይዞ፣ ማንም ሳይነካው ዝም ሲል ነው ሥራውን የሚሠራው። ማታ ማታ ቪዲዮ እያያችሁ የምትተኙ፣ ጠዋት ቢሮ ላይ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ ያ ጸጥ ያለ ሰዓት ላይገኝ ይችላል። ባትሪ ቆጣቢውም አለ። እሱ ሲበራ ፎቶ ወደ ክላውድ መላክ ቆም ይላል። ባትሪው ስላረጀ ቆጣቢውን ሁሌ አብርተው የሚይዙ ሰዎች እናውቃለን፤ ፎቷቸው ለምን እንደማይወጣ ግን አይገባቸውም።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት ቦታ ነው። አይክላውድ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ነው። ጎግል 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ግን ይህ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ ነው። ጎግል ፎቶስ ላይ መጠናቸው ተቀንሶ የሚቀመጡ ፎቶዎች ድሮ ከዚህ አይቆጠሩም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ወዲህ የሚገቡት ይቆጠራሉ። «ድሮ እኮ ነጻ ነበር» የምትሉን እውነታችሁን ነው።

5 ጊጋባይት ሲሞላ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፎቶ ማጥፋት ነው። ቆይ! መጀመሪያ የድሮ ስልካችሁን ፈልጉ። ከሁለት ዓመት በፊት የሸጣችሁት አይፎን ባክአፕ እስካሁን እዚያው ተኝቶ ግማሹን ይዞት ሊሆን ይችላል። አይክላውድ ውስጥ ስቶሬጁን ዘርዝሮ የሚያሳየው ቦታ ላይ ባክአፕስ የሚለውን ክፈቱ። ሁለት ስልክ ተዘርዝሮ ታያላችሁ፤ ስማቸውም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስሙን ትታችሁ ቀኑን እዩ። በስህተት አሁን የያዛችሁትን ስልክ ባክአፕ ከሰረዛችሁ፣ ስልኩ ባክአፕ ማድረጉንም አብሮ ያቆማል።

ቀጥሎ ብዙ እንባ ያየንበት ጉዳይ። ባክአፕና ሲንክ ይለያያሉ። ባክአፕ ማለት ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሲንክ ግን ሁለት ቦታ የሚታይ አንድ ዕቃ ነው። አይፎን ላይ አይክላውድ ፎቶስ ከበራ፣ ፎቶዎቹ ባክአፑ ውስጥ አይገቡም፤ የሚኖሩት ሲንኩ ላይ ነው። «ክላውድ ላይ አለኝ» ብላችሁ ከስልኩ ስታጠፉት፣ ከክላውዱም፣ ከአይፓዱም ይጠፋል። በቅርቡ የተሰረዙ የሚለው አልበም ውስጥ 30 ቀን ይቆይላችኋል። ጎግል ፎቶስ ላይም ፎቶውን አንድ ባንድ መርጣችሁ ከሰረዛችሁት ያው ነው፤ ወደ ክላውድ የወጣው ትራሽ ውስጥ የሚቆየው 60 ቀን ነው። ጎግል ፎቶስ ግን «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚባል ቁልፍ አለው። እሱ ከስልኩ የሚያነሳው ክላውድ ላይ መግባታቸውን ያረጋገጣቸውን ብቻ ነው። ቦታ ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ በእጅ ከመሰረዝ እሱን ተጠቀሙ።

አንድሮይድ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ጎግል ፎቶስ ከመጀመሪያው ወደ ክላውድ የሚያወጣው በካሜራ የተነሳውን ነው። በቴሌግራም የተላከላችሁ የሠርግ ፎቶ፣ በዋትስአፕ የመጣ የሰነድ ፎቶ፣ ስክሪንሾት፣ እነዚህ የየራሳቸው ፎልደር አላቸው። ፎልደሩን ገብታችሁ ካላበራችሁት አይወጣም። ጋለሪ ውስጥ ሁሉም ተደባልቀው ስለሚታዩ ሁሉም የወጣ ይመስላል።

አሁን ዋትስአፕ። ዋትስአፕ የራሱ ባክአፕ አለው፤ የስልኩን አይጠብቅም። ቀኑም የሚታየው ራሱ ዋትስአፑ ውስጥ፣ ሴቲንግስ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ ወደ ጎግል አካውንት ይሄዳል፣ አይፎን ላይ ወደ አይክላውድ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አንድሮይድ ላይ ያለውም ከ15 ጊጋባይታችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ የጎግል ቦታችሁ ሲሞላ እሱም ይቆማል። አንድሮይድ ላይ ስልኩ ራሱ ጢም ብሎ ከሞላም አይሠራም፤ መጀመሪያ ቅጂውን ስልኩ ላይ ማዘጋጀት ስላለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልን። አዲስ ስልክ ላይ ዋትስአፕ ስትጭኑ «ሪስቶር» (የድሮውን ልመልስ?) ይላችኋል። ቸኩላችሁ ስኪፕ አትበሉ። ከዘለላችሁት ባዶው ዋትስአፕ ሌሊት የራሱን ባክአፕ አድርጎ የድሮው ላይ ሊጽፍበት ይችላል። ያኔ ጠዋት የሚመለስ ነገር አይኖርም። ሪስቶር የሚለው ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ እዚያው ቁሙ። ቁጥሩ ያው የድሮው መሆኑን፣ ስልኩ ላይ የገባው የጎግል አካውንትም ባክአፑ የሄደበት መሆኑን እዩ። ሁለት ጂሜይል ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኢንክሪፕት የተደረገ (ያለ ቁልፉ የማይነበብ) ባክአፕ ካበራችሁ ደግሞ ፓስዎርዱን ወይም 64 አሃዝ ያለውን ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከጠፋ ዋትስአፕም አያወጣላችሁም፣ እኛም አናወጣም። ቴሌግራም ይህ ሁሉ የለበትም፤ ከሚስጥራዊ ቻቶቹ በቀር መልእክቱ መጀመሪያውኑ ክላውድ ላይ ነው።

«ሲጀምር ይጀምራል፣ ግን አያልቅም» የሚለውን ቅሬታ አሁን በሒሳብ እንመልሰው። የኢንተርኔት ፍጥነት ስንል የምናስበው ማውረጃውን ነው። ባክአፕ ግን መስቀያውን ነው የሚጠቀመው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። መስቀያው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ 5 ጊጋባይት ለመጨረስ ምንም ሳይቆራረጥ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ባክአፕ ሁለት ሦስት ሌሊት ቢወስድ ስልኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቀጥሎ ያሉት የተቀየረውን ብቻ ስለሚልኩ ይፈጥናሉ። ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ቦታ አዙሮ የሚያሳልፍ አፕ) ካለ ለዚያ ሌሊት አጥፉት።

አንዳንዴ ምክንያቱ አስቂኝ ነው። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ የቆየ ታብሌት ሲነሳ ቀኑ ተሳስቶ ሊነሳ ይችላል። ቀኑ ከተሳሳተ ከክላውዱ ጋር አይግባቡም፤ የደኅንነት ሰርተፊኬቶች (የክላውዱን ማንነት የሚያረጋግጡ ዲጂታል መታወቂያዎች) የሚያገለግሉበት ጊዜ ስላላቸው ታብሌቱ ጊዜያቸው ገና ያልደረሰ ወይም ያለፈ ይመስለዋል። ቀንና ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል አድርጉት፣ አለቀ።

ስለ አንድሮይድ አፖች አንድ ነገር ልብ በሉ። የስልኩ ባክአፕ ለአንድ አፕ የሚይዘው ዳታ ቢበዛ 25 ሜጋባይት ነው። ጭራሽ ባክአፕ እንዳይደረግ የሚከለክሉ አፖችም አሉ። ስለዚህ አፑ ተመልሶ ውስጡ ባዶ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ማስታወሻ የምትጽፉበት አፕ ካለ ለብቻው ኤክስፖርት ማድረጊያ (ጽሑፉን አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጫ) አለው ወይ ብላችሁ እዩ።

ስልካችሁ እኛ ጋ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከቆየስ? አይክላውድ ባክአፕ ካቆመ በኋላ ያለውን 180 ቀን ያቆይላችኋል። የአንድሮይዱ ደግሞ ስልኩ ለ57 ቀን ሥራ ላይ ካልዋለ ሊሰረዝ ይችላል። የተሰበረ ስልክ «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ይህን ቁጥር አስቡት። ጎግል ፎቶስ ላይ የወጡት ፎቶዎች በዚህ ውስጥ አይገቡም።

ስትመጡ ሦስት ነገር ይዛችሁ ኑ። የአካውንታችሁን ኢሜይል፣ ፓስዎርዱን በጭንቅላታችሁ፣ እና የድሮውን ስልክ ስክሪን መክፈቻ። አንድሮይድ ባክአፑን ሲመልስ የአዲሱን ሳይሆን የድሮውን ፒን ወይም ፓተርን ሊጠይቅ ይችላል። ፓስዎርዱን ራሳችሁ ታስገባላችሁ፤ እኛ ዞር እንላለን። በስልክ ደውለን ፓስዎርድም ሆነ በመልእክት የመጣላችሁን ኮድ አንጠይቅም። እንዲህ ብሎ የደወለ ካለ እኛ አይደለንም፣ ዝጉበት።

አይፎን ለምታመጡ አንድ ጭማሪ፦ በአዲስ አይኦኤስ (አይፎኑ የሚሠራበት ሶፍትዌር) የተሠራ ባክአፕ አሮጌ አይኦኤስ ላይ አይመለስም። ጥገናው እስኪያልቅ በተጠባባቂ ስልክ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ መጀመሪያ እሱን አፕዴት እናደርገዋለን። ዋይፋይ ላይ ጊዜ ይወስዳልና ጠዋት ብትመጡ ይሻላል።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍሉ ባልደረቦች